የማዘርቦርዶቹ አፈጻጸም ግምገማ

የጂንካው መሥሪያ ቤታችን ለተገልጋይ እርካታ ያለው ቁርጠኝነት አገር ያወቀው ነው። ተገልጋይ ቆሞ እንዳይደክመው በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠንለታል፤ ወንበሩም ሰው ከላዩ ስለማይነሳ አብረቅርቋል።

ያለን አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተበላሸ። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ተቃጥሎ ነው። የበላይ አካል አንድ አረንጓዴና አንድ ሰማያዊ ማዘርቦርድ ላከልን፤ መመሪያውም “የሁለቱን አፈጻጸም ገምግማችሁ የተሻለውን ተጠቀሙ” ይላል። የኮምፒውተር ባለሙያችን አቢጊያ ካቻቢቴዋን ይዛ ተነሳች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አሉ ኃላፊያችን አቶ ጎሳዬ።

“ተራ በተራ ገጥሜ ፍጥነታቸውን ላወዳድር።”

“ሳይገመገሙ ሥራ ሊጀምሩ? ‘አፈጻጸም’ እኮ ነው የሚለው! አፈጻጸም በምን ይለካል?”

“በግምገማ” አለች አቢጊያ፤ ካቻቢቴዋንም ኪሷ ከተተች። አስተዋይ ሠራተኛ ናት።

አግዳሚው ላይ ሶሲ የምትባል የገዘር ከተማ ልጅ ተቀምጣ ነበር። በሚመጣው እሁድ ልታገባ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ “ያላገባሽ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ፤ አለዚያ አናጋባሽም” ብላታለች። ማስረጃውን የምንሰጠው እኛ ደግሞ ከመንግሥት ኮምፒውተር ውጪ በታተመ ማስረጃ ላይ አንፈርምም።

ግምገማው በአዳራሹ ተካሄደ፤ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ማዘርቦርዶቹ ከነካርቶናቸው ወንበር ተሰጣቸው። በጠንካራ ጎን ሁለቱም ከሥራ ሰዓት በፊት ወጥተው እንደማያውቁ፣ ሐሜት እንደማይወዱና አበል ጠይቀው እንደማያውቁ ተመሰከረላቸው። ቀጥሎ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ዕድል ተሰጣቸው። አረንጓዴው ዝም አለ፤ ትሕትና ነው ተባለ። ሰማያዊውም ዝም አለ፤ ይሄ ግን ንቀት ነው ተባለ።

“ሁለቱም ዝም አላሉም እንዴ?” አለች ሶሲ በበሩ አንገቷን አስግጋ።

“እኩል ከሆኑማ ግምገማው ምን ሠራ?” አሉ አቶ ጎሳዬ። “ደግሞ አንቺ ተገልጋይ ነሽ፤ ቁጭ ብለሽ እርካታሽን ጠብቂ።”

አረንጓዴው “እጅግ በጣም ከፍተኛ” አመጣ። እንዲህ ያለ ብርቅ ሠራተኛ እኛ ዘንድ ሊባክን አይገባም ተብሎ በደረጃ ዕድገት ወደ በላይ አካል ተመለሰ፤ ዛሬ መስተዋት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለልምድ ልውውጥ ይጎበኛል። ሰማያዊው ሙቀቱን ቀምሶ እንዲታረም ኦሞራቴ ወዳለው ቅርንጫፋችን ተዛወረ።

“ለዚህ ቢሮስ የትኛው ቀረ?” አለች ሶሲ።

“ልምዱ ቀረልን” አሉ አቶ ጎሳዬ።

“ጋሼ፣ እሁድ ሰርጌ ነው እኮ! ዘመድ ተጠርቷል፣ በሬው ተገዝቷል!”

“እንግዲህ ኦሞራቴ አሳትመሽ ካመጣሽ እፈርምልሻለሁ።”

“እዚያ ያለው ይሠራል?”

“በዚያ ውጤቱ? አይመስለኝም።”

ልጅቷ አሳዘነችኝ፣ አልዋሽም። ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ሐዘን የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሶሲ ጭነት መኪና ተሳፍራ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ቁልቁል ወረደች። ኦሞራቴ ስትደርስ ሰማያዊው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተገጥሞ ያለ ዕረፍት ይሠራል። የግምገማው ውጤት ስላልደረሳቸው ሰክተውታል።

አርብ ማስረጃዋን ይዛ ተመለሰች። አቶ ጎሳዬ ፈረሙ፤ ሪፖርታችንም ደመቀ፦ “በተቀናጀ የማዘርቦርድ ስምሪት አንዲት ተገልጋይ ለትዳር በቅታለች።”

“እሁድ ገዘር ኑልኝ” አለች ሶሲ ወረቀቷን እያጠፈች። “ወጡን ግን ሳትገመግሙ ብሉ።”

ጥሪው ከባድ ኃላፊነት ነውና እሁድ ከማለዳ ጀምሮ ተወያየንበት፤ ማን ይወክለን፣ በየትኛው መኪና፣ ንግግሩን ማን ያድርግ። በሙሉ ድምፅ ተስማምተን ገዘር ስንደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ ድስቱም ታጥቦ ተደፍቷል። አቶ ጎሳዬ ንግግራቸውን ለባዶው ድንኳን አሰሙ፤ እኛም በባዶ ሆዳችን አጨበጨብን።