ከእኔ ወዲያ ቀበቶ ላሳር

ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ አቃፊ የሌለችበት ቤት የለም። አቃፊ ማለት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ አመሻሽ ላይ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኾበር በሚወስደው መንገድ ዳር ቁሙና የሚያልፉትን መኪኖች የኋላ ወንበር እዩ። ማዳም ከፊት ናት፤ ስልኳን ታያለች። ከኋላ አንዲት ሐበሻ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ልጅ፣ በአንድ እጇ ጡጦ፣ በሌላው ታብሌት፣ ብብቷ ስር ደግሞ የማዳም ቦርሳ። ስንት እጅ እንዳላት እግዜር ይወቀው። ቀበቶው ከጎኗ ተንጠልጥሏል፤ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም የነካው አይመስልም። አቃፊ እሷ ናት።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ አገኘሁ እባላለሁ። አዲስ አበባ ታክሲ ስነዳ ኖሬ እዚህ የአንድ ቤተሰብ መኪና ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። የቤት ሹፌር እንግዲህ ዕድሜውን የሚጨርሰው ከኋላው የሚሆነውን በመስታወት እያየ ነውና ብዙ አቃፊ አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ክብርት ወይዘሮ ሙሉብርሃን ናቸው። ጀለዊያ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሙዐዝ የሚባለውን የማዳምን ትንሽ ልጅ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊትስ አንቺ ነው የምላት። አንቱታው ለእናንተ ነው፤ ነገር ሲያምረኝ።

የክብርትነታቸው እምነት አጭር ነው፤ እሳቸው የያዙት ነገር አይወድቅም። ሐብሐብ ሲገዛ ከኋላ ከዕቃው ጋር አይጫንም፤ ይሰነጠቃል ተብሎ ይታቀፋል። አንድ ጊዜ የማዳም እህት ልጅ ልደት ነበረና ኬኩን በአንድ ክንድ፣ ሙዐዝን በሌላው ይዘው ኾበር ድረስ ሄዱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኬኩ ላይ የተቀመጠችው ፍሬ እንኳ አልተንሸራተተችም። ለእረፍት በወጡበት ዓርብ ደግሞ በኮንትራት መኪና ተጨናንቀን ስንሄድ አንዲት የማያውቋት ሴት ልጅ ይዛ አዩ። ደክሞሻል አምጪው ብለው ተቀበሏት። እስክንደርስ አልመለሱላትም፤ እናትየዋም አንገቷን አስደግፋ እንቅልፏን ለጠጠች።

ቀበቶ ባነሳሁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው። «ጋሽ አገኘሁ፣ አንተ መንገድህን እይ። ከእኔ ወዲያ ቀበቶ ላሳር።»

አንድ ቀን ማዳም ሳትኖር ክብርትነታቸው ከነልጁ ገቢና ገብተው ተደላደሉ። የፀሐይ መከላከያውን አውርጄ እዚያ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳየኋቸው፤ ሕፃን ተሥሎ በቀይ መስመር ተሰርዟል። እዚህ ውስጥ ኤርባግ አለ፣ መኪናው ሲጋጭ ዓይን ሳይጨፈን ይፈነዳል፣ ቀበቶ ያሰረ አዋቂን ያድናል፣ ጭን ላይ ያለ ሕፃን ካገኘ ግን ይገድለዋል አልኳቸው። ጥቂት አሰቡበት። እንግዲያው ፊቱን ወደ ደረቴ አዞረዋለሁ አሉ። ወደ ኋላ እስኪሄዱልኝ ድረስ ሞተር አላስነሳሁም።

የካሜራ ቅጣት ሲበዛ ደግሞ ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ቀበቶውን ሳብ አድርገው ራሳቸውንም ሙዐዝንም አንድ ላይ ጠቅ አደረጉ። ሁለታችንም ታሰርን፣ ደስ ይበልህ አሉኝ። ኧረ ይሄ ክፉ ነው፣ ድንገት ፍሬን ከተያዘ ያንቺ ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ያርፋል፣ በአንቺና በቀበቶው መሃል ይጨፈለቃል ብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ነኝ እሱን የምጨፈልቀው ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። ምሳዬን ግን አልከለከሉኝም፤ ሳህኑን ደፍ ላይ ጣል አድርገው ሄዱ።

የልጅ ወንበር የለም እንዳትሉ፣ አለ። ሙዐዝ ሲወለድ ማዳም ደህናውን ገዝታለታለች። ችግሩ ሙዐዝ ሲታሰር ይጮኻል፣ ሲጮኽ ደግሞ ማዳምን ራሷን ያማታል። ጥቂት ሞክረው «ኸላስ»፣ በቃ ተባለና ወንበሩ ከመኪናው ወጣ፤ ግቢው ጥግ ያለችው የእኔ ክፍል ውስጥ ገብቶ የልብሴ ማስቀመጫ ሆነ። ልጁ ወደ እቅፍ ተመለሰ። ለማዳም ነገሩን ባነሳላት ሙሽኪላ አታምጣብኝ፣ ችግር አትፍጠርብኝ ብላ ዘጋችው። ክብርትነታቸውም ድል እንዳደረገ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ሰነበቱ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

አንድ ቀን ማዳም ኾበር ባሕሩ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብታ እኛ መኪና ውስጥ እንጠብቃታለን። ሙዐዝ የሙሉብርሃን ደረት ላይ ተኝቷል። ያንን ወንበር እንዲህ የጠላሽው ምን አድርጎሽ ነው አልኳት፤ ለጨዋታ ያህል ነበር የጠየቅኩት። ቤት ውስጥ እኮ አላቅፈውም አለችኝ። ማዳም እቅፍ እንዳይለምድ ትፈልጋለች። ሙሉብርሃን ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ሲወድቅ ታነሳዋለች፣ እንዳነሳችው ወዲያው ታስቀምጠዋለች። አንድ ጊዜ ማማ ብሎ ሲጠራት ማዳም ሰማች፤ በማግስቱ የልጁ አልጋ ከሙሉብርሃን ክፍል ወጣ።

«ቤት ውስጥ የእነሱ ነው» አለችኝ፤ «መኪና ውስጥ ግን የእኔ ነው።»

ከዚያ ስለ እየሩስ ነገረችኝ። እየሩስ ልጇ ናት፤ ጡት ሳትጥል ወልድያ እህቷ ዘንድ ትታት ነው የመጣችው። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በስልክ ሲገናኙ አክስቷን እማዬ ትላለች፤ እናቷን የምትጠራት ሙሉዬ ብላ ነው። ስሜን ቆንጆ አድርጋ ትጠራዋለች አለችና ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀበቶ እሰሪ ልላት ስል አፌ ይተሳሰር ጀመር። ብላትም እንደ ድሮው አላላግጥም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከኾበር እየተመለስን ነው፤ ማዳም ከፊት፣ ሙሉብርሃንና ሙዐዝ ከኋላ። ራካ የሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ ፒካፕ ከጎን መጥቶ ፊቴ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናችን ቆመች፤ አልተጋጨንም፣ ጭረት እንኳ የለም። ሙዐዝ ግን ከሙሉብርሃን እጅ ወጥቶ በእኔና በማዳም መሃል ወድቋል። ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርዳል። ይጮኽ ነበር፤ መጮኹ ነው ነፍሴን የመለሰልኝ። ዞር ስል የሙሉብርሃን ክንዶች እንደታጠፉ ናቸው፤ ልጅ እንደያዙ፤ ውስጣቸው ግን ማንም የለም። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሆስፒታል ግንባሩ ተሰፋ፣ ራሱን በማሽን አዩት፣ ደህና ነው ተባልን። ዶክተሩ ልጁ የት ነበር የተቀመጠው ብሎ ጠየቀ። ማዳም መሬት መሬቱን አየች። ሙሉብርሃን ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችው። ቤት ከገባን በኋላም እየመጣች ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር ትለኛለች፤ ደግማ ደጋግማ። እኔም አምናታለሁ፤ ጥብቅ አድርጋ ይዛው ነበር። ከዚያ በላይ መያዝ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። የሰው ክንድ እዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚችለው።

ማዳም ማንንም አልተቆጣችም። እንዲያውም ቁስሉ ሳይደርቅ ለሙሉብርሃን ልጁ ታሟልና መኪና ውስጥ እንዳታስለቅሺው፣ እንደ ድሮው ታቅፈሽው ሂጂ አለቻት። ማንም እቅፏን ሊነጥቃት አልመጣም ማለት ነው። ዝም ብትል የእሷ እንደሆነ ይቀጥል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የክፍሌን በር አንኳኳችና ወንበሩን ስጠኝ አለች። ልብሴን አንስቼ ሰጠኋት። ጨርቁን አውልቃ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ እኔ ወንበሩን በጉልበቴ ተጭኜ የመኪናውን ቀበቶ በማለፊያው አሳልፌ ሳብኩት፤ እሷ ይዛ ነቀነቀችውና ይላወሳል፣ እንደገና እሰረው አለች። እስኪሰለቸኝ አስደገመችኝ። ከዚያ ሙዐዝን አስቀምጠን የትከሻውን ማሰሪያ አጠበቅን። ማሰሪያውን በጣት መቆንጠጥ ከተቻለ ላልቷል ማለት ነው ብዬ አሳየኋት። የምትቆነጥጠው እስክታጣ ድረስ ሳበችው፤ ቁስሉን ደግሞ በማሰሪያው እንዳትነካበት ትጠነቀቃለች።

ሙዐዝ ጮኸ። ሁለት እጆቹን ወደ እሷ ዘርግቶ «ሺሊኒ» ይላል፤ እቀፊኝ ማለቱ ነው። ከጀለዊያ ሳንወጣ ማዳም ዞረችና ኸላስ፣ አውጪውና ታቀፊው አለቻት። ሙሉብርሃን ለማዳም እምቢ ብላ አታውቅም። እምቢታ እዚህ አገር ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ቪዛ አስመትቶ ወደ አገር ቤት ያሳፍራል፤ እየሩስ ደግሞ የምትማረው በዚህ ሥራ ነው። እኔ መሪውን ይዤ ጆሮዬ ብቻ ነው የሚሠራው።

«ላ፣ ማዳም» አለች። ቀጥላም በዚያች ሰባራ አረብኛዋ፣ «እጄ አይችልም» አለች።

እጄ አይችልም። ሐብሐቡን፣ ኬኩን፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ታቅፋ የኖረች ሴት ናት ይህን ያለችው። ማዳም ትንሽ አየቻትና ወደ ፊት ዞረች። ልጁ ኾበር እስክንደርስ አለቀሰ። ሙሉብርሃንም አለቀሰች፣ ያለ ድምፅ፤ የራሷን ቀበቶ አስራ አጠገቡ ተቀምጣ። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት አንዴ ጭኗ ላይ ታደርጋቸዋለች፣ አንዴ ትሸሽጋቸዋለች። ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ አነሳሁ።

ሙዐዝ ተቀየማት። ጡጦውን ስትሰጠው ፊቱን ያዞርባት ነበር። ከዚያ ለመደ፤ ልጅ ነው፣ ይለምዳል። አሁን ራሱ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ማሰሪያውን እኔ ካልቆለፍኩ ብሎ ይጣላል። በመስኮት የጭነት መኪና እያየ ይሄዳል፣ ሲደክመው እዚያው ወንበሩ ላይ አንገቱን ጥሎ ይተኛል። እሷን አይፈልጋትም። እሷ ይሄን የምታወራው ልጁ ጎበዘ ብላ ነው። ዓርብ ሲመጣ ደግሞ ሌሎቹን አቃፊዎች ታስጨንቃቸዋለች፤ ልጅሽን እሰሪ፣ ወንበር ይግዙልሽ በያቸው፣ እምቢ ካሉ እኔን ጥሪኝ ትላቸዋለች። ይስቁባታል። እኔ ግን አልስቅም፤ አዝናለሁ። ትክክለኛውን ነገር ሠርቶ እንደ እሷ የተጎዳ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ከደጃችን ፊት ለፊት ጥላ ያለው ደህና ማቆሚያ አለ። ማዳምን በሩ ላይ አወርድና፣ ቦታው ለባባ መኪና ይቆይ ብዬ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሄጄ አቆማለሁ። ባባ፣ የማዳም ባል፣ የሚመጣው ከመሸ ነው። አስፋልቱ ይፋጃል፣ መኪናም ይመላለሳል፤ ልጁ በእግሩ እንዲሄድ አይለቀቅም፣ የግድ መታቀፍ አለበት። ሙሉብርሃን ማሰሪያውን ትፈታና ታነሳዋለች። እሱም አንገቷን ጥምጥም አድርጎ ራሱን ትከሻዋ ላይ ይጥላል። ጋሽ አገኘሁ ዘንድሮ መኪና ማቆም ጠፋብህ፣ በዚህ ፀሐይ ታስኬደናለህ እያለች ስትነጫነጭብኝ ነው የምትወርደው። ግን አንድም ቀን ፈጠን ብላ ስትራመድ አላየኋትም።