ብርድ እንዳይመታት የተፈራላት መኪና

በበጋ ቀትር መኪናችሁ ዳገት ላይ አልወጣም ብላባችሁ ታውቃለች? የጎረቤቴ የጋሼ ወርቁ መኪና ጊቫት ሃሞሬ የሚባለው ኮረብታ ዳገት ላይ ስትለግም፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ "ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው" ብለው ቆረጡ።

እኔ መምህር ነኝና ሳላስረዳ አላድርም። "ጋሼ፣ አየር የሚገባበት ቱቦ በሞተሩ ሙቀት ይግላል። ሙቀት በሚከላከል ፎይል እንጠቅልለው፤ ሞተር ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ይበረታል።"

"ቀዝቃዛ አየር? አንተ ልጅ፣ ሳንባዋን ልታስመታት ነው?"

ብርድ የማይፈራ የኛ ሰው አለ? ቢሆንም ለሚስታቸው ሲሉ እሺ አሉ፤ ጠቀለልነው። መኪናዋ ዳገቱን ወጣችው።

"እሰይ! አውቶቡሱን ቀደምነው!" አሉ እትዬ።

ጋሼ ግን ነፋስ እንዳይመታን አራቱንም መስኮት ዘግተው ነበርና፣ ሦስታችንም በላብ ታጥበን ደረስን።

እስኪ እናንተም ቱቦውን ጠቅልላችሁ ሞክሩት፤ አደራ፣ መስኮቱን ክፈቱ።