የአርብ ገበያ ሌባ

«የሕዝብ አስተያየት» የምትባለዋን ቃል ሰሞኑን ጋዜጣ ላይ ደጋግሜ አያታለሁ። ሕዝቡ ስለዚህ ነገር ምን ይላል ተብሎ በየቤቱ ይዞራል፣ ይጠየቃል፣ ይደመራል፤ ከዚያ የድምሩ ስም «የሕዝብ አስተያየት» ይሆናል። መልካም ነው። ቃሏን አልጠላትም። የሚቸግረኝ፣ ሰው ብቻውን ሲጠየቅ የሚመልሰውና ከሰው መሀል ሆኖ የሚመልሰው አንድ ነው ብላ ማመኗ ነው። እናንተስ? ባለቤታችሁ ለብቻችሁ «ወጡ እንዴት ነው?» ስትላችሁና እንግዳ ባለበት ስትጠይቃችሁ መልሳችሁ አንድ ነው? እንግዲያው አትፍረዱብኝ።

ይህን የተማርሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ አስተማሪ ሆኜ በተላክሁ ጊዜ ነው። የተከራየሁት እትዬ የሺ ከሚባሉ ጨው ነጋዴ ቤት ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ኑሯቸው በሁለት ገበያ ላይ የቆመ ነው፤ አርብ እዚያው ይሸጣሉ፣ በነጋታው አህያቸውን ጭነው ወንዝ ማዶ ወዳለው የቅዳሜ ገበያ ይሻገራሉ። አንዱ ቢቀር ሌላው ብቻውን አያኖራቸውም።

በዚያ ሰሞን እንግዲህ የአውራጃው ገዥ የአርቡን ገበያ ወደ ቅዳሜ የማዞር ሐሳብ መጣባቸው። አርብ በመጣ ቁጥር ባለጉዳዩ ችሎቱን ጥሎ ገበያ ይወርዳል፤ ዳኛው ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ስሙን ከአርብ ያገኘ ከተማ ቅዳሜ ሲገበያይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያሰበ ግን አልነበረም። ሆኖም ገዥው ደግ ሰው ነበሩና «አስቀድሞ የሕዝብ አስተያየት ይጠየቅ» አሉ። ጌታሁን የሚባል ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ጨዋ ልጅ፣ ተላከ። እትዬ የሺ ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ እህል አልበላ አላቸው። አሳዘኑኝ።

ጌታሁን ቤት ለቤት እየዞረ፣ ሰዉን ለብቻ ለብቻው መጠየቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ገበሬ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለው። አትሳቁ፤ በዚያ አገር የመንግሥት ሰው በየደጁ ከጠየቀ አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። በሬ ይሰረቃል፤ ከዚያ ሌባው እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ጌታሁን ምንም አልጠፋም ብሎ የገበያውን ነገር ሲያስረዳቸው ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ «እንደ አገሬው ያርገኝ» ይሉታል። ዝም አይነቅዝም!

እኛ ቤት ሲመጣ በሩ አጠገብ ነበርሁ። አሁን ይነግሩታል ብዬ ጆሮዬን ቀሰርሁ።

«እርስዎስ እትዬ የሺ፣ ገበያው ወደ ቅዳሜ ቢዞር ምን ይላሉ?»

«እኔማ ምን አውቄ ልጄ፣ እንደ አገሬው ነኛ።»

ሲወጣ ተቆጣኋቸው። «ምነው እትዬ፣ ኑሮዎ እኮ ነው!»

«ታዲያ ከአገር ተነጥዬ የራሴን ጨው ላውራለት?» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጌታሁንም ሕዝቡ ተቃውሞ የለውም ብሎ በቅሎው እንዲጫንለት አዘዘ።

የአካባቢው ጭቃ ሹም አያ ደምሴ ግን አዘኑለት። የመንግሥት ሰው አገር ለአገር ሲንከራተት ሰንብቶ ባዶ እጁን ሊመለስ? ነውር ነው። ስለዚህ ለእሱ ሲሉ በሚያውቁት መንገድ አውጫጭኝ ጠሩለት። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ወጣ። ሥርዓቱን ለማታውቁት፤ አንድ ሽማግሌ ይመረጣል፣ እያንዳንዱ ሰው ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሮው ሹክ ይለዋል። ማን ምን እንዳለ አይነገርም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚባለው። ወፏ ሳትናገር ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ጌታሁን ደስ ብሎት ከዳር ተቀመጠ። ወንድ ሴቱ እየቀረበ አንሾካሾከ። እትዬ የሺም ቀርበው ቆዩ፤ በጣም ቆዩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌው ተነሡ።

«ወፏ ተናግራለች» አሉ። «የተሰረቀው የአርብ ገበያችን ነው። ሌባውም ታውቋል።» ዘንጋቸውን ወደ ጌታሁን ቀሰሩ። «ይኸ ልጅ ነው።»

አያችሁ? አውጫጭኝ ያለ ሌባ አይበተንም። ጌታሁን «እኔ አስተያየት ብቻ…» ብሎ ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈራሁለት።

«ገበያችንን እስክትመልስ ዋስ ጥራ!» አሉት አያ ደምሴ። ሰው አገር ዋስ ከየት ይምጣ? ዐይኑ ወደ እኔ መጣ። እኔም መጤ ነኝ፤ የእኔን ዋስነት ማን ይቀበላል?

«እኔ አለሁ» አሉ እትዬ የሺ፣ ከሴቶቹ መሀል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሥተው። «መልካም ልጅ ነው፤ ይመልሳል። ባይመልስ በኔ ይሁን።»

የቀረውን ያጫወተኝ ራሱ ጌታሁን ነው። አውራጃው ሲደርስ ገዥው «እህሳ፣ የሕዝቡ አስተያየት ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁት። እጅ ነሥቶ «ጌታዬ፣ የመጣሁት በዋስ ተለቅቄ ነው። አርብን ካልመለሱልኝ አንዲት ጨው ነጋዴ በእኔ ፈንታ ይያዛሉ» አላቸውና ከሥር ከመሠረቱ ተረከላቸው። ገዥው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ገበያው በአርብነቱ እንዲጸና እዚያው አዘዙ። እትዬ የሺም በሁለቱ ገበያቸው ቆዩ።

ጌታሁን ሊወጣ ሲል ግን ገዥው መልሰው ጠሩት። በሩን አስዘጉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስማ፣ ያቺ ወፍ ስለ እኔ ያለችው ነገር ነበር?» አሉት።