ቢጫ ጀሪካኖችን አንድ ቦታ ስለ መሰብሰብና መልሶ ስለ መበተን

የሐጂ ዓብዱሰመድ ግቢ ነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4፣ ግቢው ውስጥ፣ ከደረጃው አጠገብ ያለው ጥላ። ጥላው ቦታ ሲቀይር ስብሰባውም ወንበሩን ይዞ ተከትሎታል።

የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00። የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡10።

የተገኙ፦
1. ሐጂ ዓብዱሰመድ፣ ሊቀመንበር፣ የሚኒባስ ባለቤት
2. ወ/ሮ ሀኪማ፣ አባል፣ የሙሽራዋ እናት
3. አቶ ሳቢት፣ አባልና ሥርዓት አስከባሪ
4. አቶ ሙሚን፣ አባል፣ ባለታክሲ (የተገኙበት ሁኔታ ከዚህ በታች ተብራርቷል)
5. የምስራች፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ማይሙና፣ በረዶ ሊገዙ ወጥተው።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በደንቡ መሠረት ድምፅ ያላቸው አራት አባላት መገኘት አለባቸው። አቶ ሙሚን በሩ ላይ ባቆሙት ታክሲ ውስጥ ተኝተው የነበረ ሲሆን እግራቸው ግቢው ውስጥ፣ ሌላው አካላቸው መንገድ ላይ ነበር። አቶ ሳቢት ድምፅ የሚሰጠው ራስ ስለሆነና ራሳቸው ከግቢው ውጭ ስላለ አይቆጠሩም ብለዋል። ወ/ሮ ሀኪማ፣ "ሙሚን ስብሰባ ላይ ሲተኛ እኮ ሁልጊዜ ይቆጠራል፤ ዛሬ የተቀየረው መኝታው ነው" ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ እግር ይበቃል ተብሎ ተወስኗል።

የስብሰባው ምክንያት፦ ባለመኪና ነዋሪዎች ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሞተር ዘይት እዚሁ ግቢ ውስጥ በራሳቸው እጅ ይቀይራሉ። የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በባዶ ቢጫ የምግብ ዘይት ጀሪካን እየሞሉ ከደረጃው ሥር ያስቀምጣሉ። አሮጌዎቹን ፊልትሮዎች (የዘይት ማጣሪያዎች) ደግሞ መስኮት ላይ ይደረድራሉ። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ወለሉ ጠቁሯል።

የወ/ሮ ሀኪማ ልጅ ናዒማ የፊታችን ዓርብ በዚሁ ግቢ ትዳራለች። ትናንት ድንኳን ተካዮቹ ቦታውን ሊያዩ መጥተው አንደኛው ተንሸራቶ ስለወደቀ፣ "ይሄ ካልጸዳ ምንጣፍ አናነጥፍም" ብለው ሄደዋል። የሚመለሱት ነገ ጠዋት ነው። ወደ ባልባላ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቃጠለ ዘይት ሰብስቦ፣ ተጣርቶ ዳግም ሥራ ላይ እንዲውል የሚልክ ድርጅት አለ። ማንንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ውሃ የገባበት ዘይት አይቀበልም፤ ዛሬም እንደ ሁልጊዜው 7 ሰዓት ገደማ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ተጭኖ ከተማ ሲገባ ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ አይከፍትም። ስለዚህ ጉባኤው ያለው ጊዜ እስከ ጫት መግቢያ ነው።

አጀንዳ 1፦ የተቃጠለው ዘይት ይውጣ ወይስ ይቆይ

ሊቀመንበሩ ዘይቱ ቆሻሻ ሳይሆን ንብረት መሆኑን፣ አንድ ቀን እንደሚጠቅም ገልጸዋል። ለምን እንደሚጠቅም ሲጠየቁ ለአቧራ ማስተኛ ብለዋል። ወ/ሮ ሀኪማ፣ "አቧራውማ ተኝቷል ሐጂ፤ ትናንት ድንኳን ተካዩም አጠገቡ ተኝቶልሃል" ብለዋል። (ወ/ሮ ሀኪማ የድሬዳዋ ልጅ በመሆናቸው ሁሉንም ሰው አንተ ይላሉ። ጸሐፊዋ እንደ አነጋገራቸው መዝግባለች።)

አቶ ሳቢት ዘይቱ የግቢው በር በምስጥ እንዳይበላ ለመቀባት ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጉባኤው በሩን ተመልክቶ ብረት መሆኑን ስላረጋገጠ ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል። በዚህ መካከል አቶ ሙሚን ከታክሲው ውስጥ "የፍየል እከክ ያድናል" ሲሉ ተሰምተዋል። ግቢው ፍየል የለውም። ንግግሩ ግን አባሉ መገኘታቸውን ስለሚያጠናክር ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ በበኩላቸው፣ መውጣቱ ግድ ከሆነ ወደ ቦዩ ማፍሰስ እንደሚቀል ጠቁመዋል። ወ/ሮ ሀኪማ ቦዩ ባሕር እንደሚገባ አስታውሰዋል። ሊቀመንበሩ ባሕሩ ሰፊ ነው ብለዋል። ወ/ሮ ሀኪማ፣ "ከሰፋ እንግዲያ ሠርጉን እዚያው ልደግስ? ዓሣ የምትበላውም አንተ፣ ዓሣውን ዘይት የምታጠጣውም አንተ! አቦ ሐጂ፣ ለልጄ የሚሆን ደረቅ መሬት ብቻ ነው የጠየቅኩህ" ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዘይቱ ወጥቶ ለሰብሳቢው ድርጅት እንዲሰጥ ተወስኗል። የአቶ ሙሚን እግር ስላልተንቀሳቀሰ ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ተይዟል።

አጀንዳ 2፦ ጀሪካኖቹን ስለ መሰብሰብ

አቶ ሳቢት ሥራው በሥርዓት እንዲሠራ በግቢው የሚገኝ ማንኛውም ቢጫ ጀሪካን አንድ ቦታ ይሰብሰብ ብለዋል። ወ/ሮ ሀኪማ "የተቃጠለ ዘይት ያለበት" የሚል ይጨመርበት ሲሉ አሳስበዋል። ሊቀመንበሩ ማሻሻያ የሚቀርበው ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ ሥር ነው በማለት ሳይቀበሉት ቀርተዋል። ሐሳቡ እንደቀረበ ጸድቋል።

አቶ ሳቢት ውሳኔውን ወዲያውኑ፣ ሊመሰገን በሚገባው ፍጥነት ሥራ ላይ አውለዋል። በዚህ ግቢ የመጠጥ ውሃም፣ የመታጠቢያ ውሃም፣ ለሠርጉ የተገዛው የምግብ ዘይትም የሚቀመጠው በቢጫ ጀሪካን ነው። ሁሉም ከየበሩ ወጥተው ከተቃጠለው ዘይት ጋር ተሰልፈዋል። ሴቶቹ የውሃ ቦቴ ሲመጣ የየራሳቸውን ለመለየት በጀሪካኑ እጀታ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ያስራሉ፤ ቀዩ የማይሙና፣ አረንጓዴው የሀኪማ እየተባለ ይታወቃል። አቶ ሳቢት ጨርቆቹ ለጉባኤ የማይመጥኑ ሆነው ስላገኟቸው ሁሉንም ፈትተው በአንድ ፌስታል ከትተዋል። ሲጨርሱም፣ "አሁን ሁሉም እኩል ነው" ብለው ሪፖርት አቅርበዋል። ሊቀመንበሩ አጨብጭበዋል።

ሙሽራዋ ናዒማ ፎጣ ይዛ ወጥታ የጸጉር መታጠቢያ ውሃዋ የት እንዳለ ጠይቃለች። ጉዳዩ በውይይት ላይ መሆኑ ተነግሯታል። ወ/ሮ ሀኪማ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ፊልትሮዎች

ሊቀመንበሩ ተፈትቶ የወጣ ፊልትሮ ውስጡ ገና ዘይት እንደሚይዝ፣ ስለዚህ አናቱ ተበስቶና ተደፍቶ እስኪያልቅ መንጠባጠብ እንዳለበት አስረድተዋል። ይህ ትክክል ነው። አቶ ሳቢት ፊልትሮዎቹን በስተው ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ካንጠለጠሉ በኋላ ከሥር የሚቀመጥ ትልቅ ሳህን አምጥተዋል። ሳህኑ ወ/ሮ ሀኪማ ለሠርጉ ሩዝ ከጎረቤት የተዋሱት ነበር። ወ/ሮ ሀኪማ ተነሥተው ሳህኑን ከአቶ ሳቢት እጅ ተቀብለዋል።

ፊልትሮዎቹ በአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ እንዲደፉ ተወስኗል። በተጨማሪም ወ/ሮ ሀኪማ ከእንግዲህ በግቢው ውስጥ ዘይት መቀየር ይከልከል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሊቀመንበሩና አቶ ሳቢት ተቃውመዋል። ድምፅ በሚቆጠርበት ጊዜ የአቶ ሙሚን እግር ከፍ ስላለ ሁለት ለሁለት ሆኗል። አቶ ሳቢት የእግሩን ብርታት አይተው ሐሳባቸውን ስለለወጡ ክልከላው ጸድቋል። አቶ ሙሚን በኋላ ሲጠየቁ ዝንብ ነበር ብለዋል።

አጀንዳ 4፦ የትኛው ጀሪካን ምን እንደያዘ ስለ መለየት

ወ/ሮ ሀኪማ ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ክዳኖቹ ተከፍተው ይሽተቱ ብለዋል። አቶ ሳቢት የሰውን ጀሪካን ባለቤቱ ሳይፈቅድ መክፈት ቤቱን እንደ መፈተሽ ይቆጠራል ሲሉ ተቃውመዋል። ሊቀመንበሩ መክፈት እንደማያስፈልግ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዘይት ጋር ስለኖሩ በመነቅነቅ ብቻ እንደሚለዩ ገልጸዋል። በእሳቸው አባባል ውሃ ይለፈልፋል፣ ዘይት ያጉረመርማል። ወ/ሮ ሀኪማ፣ "ከሁሉም የሚለፈልፈውን እኔ አውቀዋለሁ" ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሊቀመንበሩ ጆሮ የኮሚቴው መለያ መሣሪያ እንዲሆን ተወስኗል። ሊቀመንበሩ እያንዳንዱን ጀሪካን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እየነቀነቁ "ውሃ"፣ "የተቃጠለ" ሲሉ፣ አቶ ሳቢት በሁለት ረድፍ አሰልፈዋል።

በዚህ ጊዜ የዙህር አዛን ስለተሰማ ስብሰባው ተቋርጧል። ሊቀመንበሩ ለሶላት ውዱእ ለማድረግ እሳቸው ራሳቸው "ውሃ" ካሉት ረድፍ አንዱን ጀሪካን አንሥተው እጃቸው ላይ አፍስሰዋል። የወጣው ውሃ አልነበረም። ሁለቱም እጆቻቸው ከጣት እስከ ክንድ ጠቁረዋል።

ወ/ሮ ሀኪማ፣ "ውይ ሐጂ! ሒናው እኮ ለሙሽራዋ ነበር፤ ቀደምካት!" ብለዋል። ናዒማ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥቃለች። ከየበሩ ብቅ ያሉት ሴቶችም ሥቀዋል። ሊቀመንበሩ ሣቁ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ሣቁን ገና እንዳልጻፈችው፣ ያልተጻፈ ነገርም እንደማይሰረዝ አስረድታ፣ እንዲሰረዝ ይመች ዘንድ እዚህ ጽፋዋለች። ሊቀመንበሩ በሌላ ውሃ ታጥበው ሰግደዋል። እጃቸው ግን እንደጠቆረ ነው።

ስብሰባው ሲቀጥል ሊቀመንበሩ ወረቀት መንካት ስላልቻሉ ወ/ሮ ሀኪማ ሰብሳቢነቱን ወስደዋል። ክዳኖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማሽተት ጀምረዋል። አቶ ሳቢት በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠይቀው "በአፍንጫዬ" የሚል መልስ አግኝተዋል። የሠርጉ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት በሊቀመንበሩ ጆሮ "የተቃጠለ" ተብሎ ሊሄድ ከተሰለፈው ረድፍ ውስጥ ተገኝቷል። ወ/ሮ ሀኪማ ጀሪካኑን አቅፈው ቤታቸው አስገብተው ቆልፈው ተመልሰዋል።

አቶ ሙሚን ከሽታው የተነሣ ነቅተው ስብሰባው ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቀዋል። የሊቀመንበሩ እጅ መሪ የማይያዝበት ስለሆነ ሚኒባሱን እሳቸው እንዲነዱ ታዘዋል። የተቃጠለው ዘይትና የተንጠባጠቡት ፊልትሮዎች ተጭነው፣ ወ/ሮ ሀኪማ ከፊት ተቀምጠው፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ ባልባላ መንገድ ሄደዋል። አቶ ሳቢት ያለማንም ትእዛዝ ወለሉ ላይ አሸዋ ነስንሰው፣ ጠርገው፣ በሳሙና ፈግፍገዋል። ዛሬ ያለ ውሳኔ የተሠራ ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ጫት ሳይገባ ተመልሷል። ወ/ሮ ሀኪማ እንዳስረዱት ድርጅቱ ሁሉንም ተቀብሏል። ተቀባዩ የሐጂን እጅ አይቶ፣ "ይሄንንም ታወርዱታላችሁ?" ብሏል። ሐጂም ሥቀዋል። ይህ ሣቅ እንዲሰረዝ የጠየቀ የለም።

ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ሚኒባሱ ዘይት መቀየሪያው መድረሱን በመንገድ ላይ እንዳስተዋሉ፣ ክልከላው ከጸና የት እንደሚቀይሩ እንደማያውቁ በዝቅተኛ ድምፅ ተናግረዋል። ወ/ሮ ሀኪማ የደረቀውን ወለል ተመልክተው፣ "ቀይር፤ ግን ከሠርጉ በኋላ። የቀየርከውን ዘይት በዚያው ሳምንት አንተው ትወስዳለህ። ደግሞ በቢጫ ጀሪካን አይደለም" ብለዋል።

በመሆኑም የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦ አጀንዳ 1 ዘይቱ ስለሌለ፣ አጀንዳ 2 ጀሪካኖቹ ወደየበራቸው፣ ጨርቆቹም ወደየእጀታቸው ስለሚመለሱ፣ አጀንዳ 3 ክልከላው ስለተነሣ፣ አጀንዳ 4 ጆሮው ከሥራ ስለተሰናበተ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። የአቶ ሙሚን እግር የድምፅ መብትም ተነሥቶ ለራሳቸው ተመልሷል።

ከመዝጊያው በፊት አቶ ሳቢት የሠርጉ ሩዝ በጋራ ሳህን በእጅ የሚበላ መሆኑን አስታውሰው፣ ከሐጂ ጋር በአንድ ሳህን የሚቀርብ ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። እጅ ያወጣ የለም። ሊቀመንበሩ ቤታቸው እንደሚበሉ ተናግረዋል። ወ/ሮ ሀኪማ፣ "ወላሂ አትቀርም! ከኔ ሳህን ትበላለህ፤ ማንኪያ እሰጥሃለሁ" ብለዋል። ይህ ውሳኔ ከተሻሩት በኋላ የተላለፈ በመሆኑ የሚጸናው እሱ ብቻ ነው።

የጫት መኪኖች ጥሩንባ ከዋናው መንገድ ስለተሰማ ስብሰባው ከቀኑ 7፡05 ተበትኗል። አቶ ሙሚን ቀድመው ወጥተዋል።

ጸሐፊ፦ የምስራች

ሊቀመንበር፦ ከዚህ በታች የሚታየው የአውራ ጣት ጥቁር አሻራ ፊርማቸው ነው። ቀለም አላስፈለገም።