የቃሬዛው ቀኝ ትከሻ

ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው... ቅጽ የያዘ ባለሙያ እስኪመጣበት ድረስ! አትቆጡ፤ ባለሙያው እኔው ነኝ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ ውስጥ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን ጉዳይ የምከታተልበት ወንበር ነበረኝ። ወንበሩ ራሱ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ከሥሩ አንድ ያረጀ ሰርኩላር አጥፌ ሸጉጬለት ነበር። ልብ ቢኖረኝ ነገሩ ያኔ ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን መመሪያ ደረሰን። አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ከጉልበት ሥራ ነፃ ይሁኑ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ አገልግሎትም ይስፋፋ ይላል። ደግ መመሪያ ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ወረቀቴን ጠቅልዬ፣ ለደሃና ወረዳ ሰው ማኅበረሰብ አቀፍ አገልግሎት ማለት ምን እንደሆነ ላስተምር፣ ከወረዳው ከተማ ከአምደወርቅ ሦስት ሰዓት በእግር የምታስኬድ መንደር ገባሁ።

ሕዝቡ ወይራ ጥላ ሥር ተቀመጠልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ለምሳሌ አንድ ሰው ቢታመምና ጎረቤቶቹ ተደራጅተው ጤና ጣቢያ ቢያደርሱት፣ ይህ ማኅበረሰብ አቀፍ ይባላል አልኳቸው። እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ የሆነ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ትምህርቴ ገብቷቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ከጀርባዬ፣ ወይራው ግንድ ላይ፣ በጠፍር የተወጠረ ቃሬዛ ተደግፎ ቆሟል! መንደሩ የታመመውንም፣ ምጥ የጠናባትንም ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ በዚያ ተሸክሞ አምደወርቅ ያደርሳል። እያንዳንዱ ቤት አንድ ተሸካሚ ያወጣል። ያላወጣ ቤት፣ በታመመ ዕለት የሚያነሳው የለም።

የቃሬዛው ዳኛ፣ ተሸካሚዎቹን መዝግበው ተራ የሚያወጡት፣ አባ ወልዱ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ተሸካሚዎቹን አስጠራኋቸው። ጋሽ ሞላ የሚባሉት ሲመጡ አየሁ፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀኝ እግራቸው ከግራው በአንድ ጋት ያጠረ፣ እያነከሱ። አንጀቴን በሉት። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ፈነደቅኩ፤ ለመመሪያዬ የሚሆን ሰው ተገኘ! እዚያው ቅጼን አውጥቼ "አካል ጉዳተኛ" ብዬ መዘገብኳቸውና፣ ለደኅንነታቸው ሲባል ከሸክም ነፃ መውጣታቸውን አወጅኩ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር።

የሚያጨበጭብ ጠፋ። ጋሽ ሞላ እንደቆሙ፣ "ታዲያ እኔ የታመምኩ ለት ማን ሊያነሳኝ ነው?" አሉኝ።

መመሪያው ሁሉንም አስቦበታል አልኳቸው። መመሪያው ትከሻ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ወልዱ የመንግሥት ነገር ሆኖባቸው የጋሽ ሞላን ስም ከተሸካሚዎቹ መዝገብ ሰረዙ። ሰውዬው ሃያ አምስት ዓመት የተሸከሙበትን ትከሻ እያሻሹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ ሪፖርቴን በልቤ እየጻፍኩ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት።

ሪፖርት እየጻፉ ቁልቁለት አይወረድም! ገና ከመንደሩ ሳልርቅ ድንጋይ ከዳኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ጩኸቴን አምደወርቅ ሳይሰማው አልቀረም። ምን ላሳጥርላችሁ፣ ትምህርቴን በጨረስኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቃሬዛው ላይ ተጋድሜያለሁ! አራት ሰዎች "ማኅበረሰብ አቀፍ" እየተባባሉ፣ እየተሳሳቁ አነሱኝ። አባ ወልዱም ከጎኔ መንገድ ጀመሩ።

ወደ አምደወርቅ የሚወስደው መንገድ ተራራው በቀኝ፣ ገደሉ በግራ ነው። መንገዱ ራሱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ነው። በጋሽ ሞላ ምትክ በቀኝ በኩል የገባው ሰውዬ መለሎ ነው፤ እግሮቹም እኩል። ጥቂት እንደሄድን ቃሬዛው ወደ ግራ ተንጋደደ፤ እኔም አብሬው። ቀና ብዬ ባይ ከሥር ወንዙ ክር አክሎ ይታየኛል። ጠፍሩን ጨምድጄ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ተጣራሁ፤ የማላውቃቸውንም አልዘለልኩም።

በዚያች በተጨነቀች ነፍሴ አባ ወልዱን፣ ስለ ማርያም ብለው፣ ይህ ነገር ለምን ይንጋደዳል አልኳቸው።

"የሞላ ቦታ ነዋ፣ ልጄ" አሉ ተረጋግተው። "አጭሩ እግሩ ከፍ ባለው፣ በተራራው በኩል ሲያርፍ ትከሻው ልክ ይመጣል። ሌላው ሰው ሁሉ ለዚህ መንገድ ይረዝማል።"

ሰማችሁ? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የመንደሩ ወላድ ሁሉ ሳትንሸራተት የደረሰችው በዚያች አጭር እግር ነው። እኔ ደግሞ ያችን እግር በአንድ እስክሪብቶ ጡረታ አወጣኋት! አፈርኩ፤ ከምር አፈርኩ። ይጠሩልኝ ብዬ ለመንኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ወደ መንደሩ ተጣራ፤ ጋሽ ሞላ መጡ። መጡና ራስጌዬ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። መመሪያ ነው፣ አልጥስም አሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ ቅጹን ከኪሴ መዘዝኩ።

"ጋሽ ሞላ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ አካል ጉዳተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም?"

"ወዴት ስሄድ?" አሉ። "ወደ አምደወርቅ ስሄድ አይደለሁም። ስመለስ ነኝ።"

እንዳሉት ጻፍኩት። አባ ወልዱም ስማቸውን እንደገና መዘገቡ። ይቅርታም ጠየቅኋቸው፤ ቅጹ ላይ የይቅርታ ቦታ ስለሌለ በቃሌ። ጋሽ ሞላ ትከሻቸውን ሲሰጡ ቃሬዛው እንደ ገበታ ተስተካከለ። ጤና ጣቢያው ድረስ አንኮራፋህ የሚሉኝ ግን ስሜን ሊያጠፉ ነው። ቅጹን ሰቆጣ ያሉት አለቃዬ "አንዱን ብቻ ይምረጡ" ብለው በቀይ እስክሪብቶ መለሱልኝ። እስከ ዛሬ አልመረጥኩም።

የመንደሩ ሕግ ደግሞ፣ በቃሬዛ የተወሰደ ሰው ሲድን ተራውን ይሸከማል ይላል። እግሬ ሲሽር ግዴታዬን ልወጣ ተመልሼ ሄድኩ። አባ ወልዱ ደክሟቸው ዳኝነቱን ለጋሽ ሞላ አስረክበው ኖሯል። ሕዝቡ እያየኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀረብኩ። ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው አንዱን እግሬን አዩ፤ ሌላውን አዩ፤ ደግመው የመጀመሪያውን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሁለቱም እኩል ናቸው" አሉ በሐዘን። "ለደኅንነትህ ሲባል ከሸክም ነፃ ወጥተሃል።"

ያኔ የጠበቅኩትን ጭብጨባ ሕዝቡ ያን ዕለት ሰጠኝ።