በሹክሹክታ የተጣላንበት ወንበር

ቤተ መጻሕፍት ሰላማዊ ቦታ ነው የሚሉ ሰዎች ጸጥታንና ሰላምን አንድ ያደረጉ ናቸው።

የአርባ ምንጩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ያላሰበው ነገር የለም። ጋዜጣ አለው፣ የሕፃናት ክፍል አለው፤ እኔ ለማስተምርባት፣ ተራራው ላይ ላለችው ለደጋዋ ገረሴ ሳይቀር መጻሕፍት በሳጥን ይልካል። የሽማግሌዎች ተረትና ምርቃት በድምፅ የተቀዳበት ስብስብም አለው። እሱ የሚደመጠው በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ናቸው፤ የሚሠራው አንድ ነው።

ያን ዕለት የሕይወቴ ተስፋ ያ አንዱ ነበር። ባለቤቴ አርባ ምንጭ ታስተምራለች፣ እኔ ገረሴ፤ ትዳራችን የሚኖረው ሚኒባስ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በኢንተርኔት የሚሞላው የዝውውር ማመልከቻ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ገረሴ ኔትወርክ ቢጠፋ ወረድኩ፤ ከተማው ደግሞ መብራት ጠፍቶበታል። ጄኔሬተር ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

እዚያ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ዕቃህን ወንበር ላይ ካኖርክ ገበያ ደርሰህ ብትመለስም ተራህ አይነካም። የኮምፒውተሩ ወንበር ላይ አንድ የነተበ ባርኔጣ ተቀምጧል። የተረሳ መሰለኝና መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ቦርሳዬን ተካሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ለኔ ነው። ኮምፒውተሩን ለማስከፈት ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ አስቴር ሄጄ ስመለስ ቦርሳዬ መሬት ላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ ባለሱቁ አቶ ከድር።

“መምህር፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት ዛሬ ያልቃል” አለኝ በሹክሹክታ።

“ያንተ ሱቅ ከቤትህ ፊት ለፊት ነው፤ የኔ ሚስት ግን ተራራ ማዶ ናት” አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ።

“እዚያው ድንችህን ብላ! ገረሴ ምን አጎደለችብህ?”

በሹክሹክታ ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? ጩኸት ንዴትን ያወጣል፤ ሹክሹክታ መልሶ ያስውጣል። ወንበሩን ያዝኩ፤ ተነሥቶ ኮሌታዬን ያዘ። አስቴር “ሁለታችሁንም አስወጣለሁ!” አለች፣ እሷም በሹክሹክታ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቡጢው ሲጨበጥ አየሁት።

ይሄኔ አንድ አዛውንት ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ገቡና በመካከላችን ተንበረከኩ። የኦቾሎ መንደር ሽማግሌ አቶ ማልጎ ናቸው። በጋሞ ምድር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ነገር በረደ፤ ያንን ሣር ተራምዶ የሚጣላ አልተወለደም። ኮሌታዬ ተለቀቀ፣ ወንበሩም ተለቀቀ። “ይነሡልን አባታችን” ብለን አነሣናቸው፤ ተቃቀፍን።

እርቅም የራሱ ጣጣ አለው።

“አንተ ቅደም መምህር።”

“በፍጹም፣ አንተ።”

“ወላሂ አልቀመጥም!”

ቅድም በቡጢ ሊገድለኝ የነበረ ሰው አሁን በትሕትና ሊገድለኝ ነው።

እኛ ስንገባበዝ አቶ ማልጎ ባርኔጣውን ከመስኮቱ አንሥተው ደፉ፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ሣሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ተራው የሳቸው ኖሯል! ከተቀዱት ተረቶች አንዱን የሚያወሩት ሟች ወንድማቸው ስለሆኑ ድምፃቸውን ሊሰሙ ይመጣሉ፣ አለችን አስቴር። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔና ከድር ሣሩን አየን፤ ሰዓቱን አየን። የተራመደ የለም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከገረሴ ነው። ከከድር ጋር ፍጹም ሰላም ነን። አሁን የቸገረኝ ማመልከቻው ስላመለጠኝ የተቆጣችው ሚስቴ ፊት ሣር ይዞ የሚንበረከክልኝ ሽማግሌ ነው። አቶ ማልጎን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል፤ ተረቱን ሰምተው ሲጨርሱ።