የጋሽ አምኃ የሱስ መጠይቅ

የጎረቤቱን በሽታ ከታማሚው ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለሽሮ ሜዳ የደረሷት ጋሽ አምኃ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት፣ ሳይጠየቁ የሚመክሩ ሊቀ መርማሪያን። ድሮ ሰፈሩን የሚያስጨንቁት በደም ግፊት ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህታቸው ልጅ ናዝሬት፣ የኢንተርኔት ሱስን ከአገር አገር ለሚያወዳድር ጥናቷ መጠይቅ አስይዛ ስትልካቸው ግፊቱን እርግፍ አድርገው ተዉት።

መጠይቁ ውጭ አገር የተዘጋጀ ነው። ሃያ ጥያቄ አለው፤ ከመቶ ይታረማል፤ ከሰባ በላይ ያመጣ «ጽኑ ሱሰኛ» ይባላል። ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ቁም ስቅሉን አሳዩት። «ክፍልዎን ዘግተው ብቻዎን ይጠቀማሉ?» ብለው አንዱን ሸማኔ ቢጠይቁት፣ ከስድስት ቤተሰቡ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው ነውና፣ መጀመሪያ የሚዘጋ ክፍል ይፈልጉልኝ አላቸው። «ሳይንስ አይቀለድበትም» ብለው ዜሮ ሰጡት።

የሸዋገነት ተራ ሲደርስ ነገር ከፋ። ሸዋገነት ኖህ የሚባል ሸማኔ ሚስት ናት፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ የግቢው ብቸኛ ስማርት ስልክም እሷ እጅ ነው። ኢንተርኔቱ በቀን ለስንት ሰዓት ይከፈታል ቢሏት ለዘጠኝ አለች። ባይኖር ትጨነቂያለሽ? በጣም። ከሰው ያጣላሻል? ኧረ በየቀኑ። ሴትዮዋ እንደሆነ መዋሸት አታውቅበትም። ሰባ ስምንት አመጣች፤ እሳቸውም ግቢው መሀል ቆመው ጽኑ ሱሰኛ ናት ብለው አወጁባት።

ሸዋገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሷ እኮ ጠላ እንኳ የማትቀምስ ሰው ናት! ያን ምሽት ኖህ፣ የጤና ባለሙያ ቃል ነው ብሎ ስልኩን ለሳምንት ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት።

በማግስቱ ግቢው ታመሰ። ሸማኔዎቹ የጥለት ፎቶ ለደንበኛ መላክ አቃታቸው፤ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን የሚያዩበት አጡ። አስር ሰዓት ሲሆን ጋሽ አምኃ ራሳቸው እየተጣደፉ መጡ። ዱባይ ያለው ልጃቸው ብሩኪ በየቀኑ በዚህ ሰዓት በኢሞ የሚደውልላቸው በሸዋገነት ስልክ ነው። የእሳቸው ስልክ ከመደወልና ከባትሪዋ መብራት በቀር ሥራ የላትም።

«ብሩኪ አልደወለም እንዴ?» አሏት።

«ስልኩ ሕክምና ላይ ነው፣ ጋሼ።»

ሰውየው አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። ልጁ አንድ ቀን ካልተገኘ ስንት ክፉ ነገር እንደሚያስቡ ሸዋገነት ታውቃለች፤ ቂሟን ልትይዝ ብላ አንጀቷ አልችል አለ። አጠገባቸው ተቀመጠችና አሥራ አራት ሰው የሚጋራውን ዘጠኝ ሰዓት በጣቷ ቆጠረችላቸው። ሦስቱ የሸማኔዎቹ ነው። ሦስቱ የተማሪዎቹ። ሁለቱ ደግሞ ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉባቸው እናቶች ነው። ጥሉም የወረፋ ጥል ነው።

«ዘጠነኛዋስ?» አሉ ጋሽ አምኃ።

«እሷማ የእርስዎ ናት።»

ለራሷ የቀራት ሰዓት አልነበረም።

ጋሽ አምኃ ተነሥተው ትናንት የፈረዱባት ቦታ ላይ ቆሙና ግቢው ሁሉ እየሰማ «ኖህ፣ ሳጥኑን ክፈት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ባደባባይ የሚፈርድ ሞልቷል፤ ባደባባይ ጥፋቱን የሚያምን ግን ስንት አለ? እኚህን ሰው የምወዳቸው ለዚህ ነው።

ናዝሬት መጠይቆቹን ስትረከብ የሸዋገነት ተሰርዞ አገኘችው። ከሰባ ስምንቱ በታች፣ በዚያ ማንም በማያነበው የመድኃኒት ማዘዣ ጽሕፈት፣ ለአንዴ ግን ተጠንቅቀው እንዲህ ጽፈዋል፦ «ይህ ሱስ የአሥራ አራት ሰው ነው። አንዱ እኔ ነኝ። አምኃ።»